ንጹሕ የጓሮ ማር

ነርሷ ጉንጯ አብጦ፣ አንድ ዓይኗ ተጨፍኖ ከአጥሩ ማዶ ብቅ ስትል ሚስትየዋ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«የባልሽ ንብ ነደፈኝ!» አለች ነርሷ። «ወይ እነሱ ከዚህ ይነሣሉ፣ ወይ እናንተ!»

ሁለቱ ሴቶች በአጥር ከተጣሉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ በፊት ነርሷም የማሩ ተቋዳሽ ነበረች። ያኔ ባልየው መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር፤ ያለችውም አንዲት ቀፎ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ከቀፎዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ንቦቹን ሲያይ ይመሽበታል። ማር ሲቆርጥ ለየጎረቤቱ አንዳንድ ብርጭቆ ያዳርሳል። ሰፈሩ «አውራው» የሚል ስም ያወጣለትም ያኔ ነው።

«ይሄን ማር በነፃ መስጠት ጅልነት ነው» ያሉት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ናቸው። ሰማቸው። ሥራውን ለቀቀ፣ ቀፎዎቹም አራት ሆኑ። ማሩን የሚረከቡት ሱቆች ስድስት ደረሱ። ሚስትየዋ በየጠርሙሱ ላይ «ንጹሕ የጓሮ ማር» የሚል ወረቀት ትለጥፋለች። የሁለት ልጆቻቸው ጉሮሮ የሚደፈነው በዚሁ ነው።

ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባላል፤ አውራው ግን ንግድ ከጀመረ ወዲህ ንግግሩ ሁሉ እሬት ሆነ። ወደ ጓሮ ሰው አያስጠጋም። «የኔን ጠረን ብቻ ነው የለመዱት» ይላል። መረብ ያለው ባርኔጣው ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ አቧራ ጠጥቷል። በርጩማዋም ከጓሮ ተነሥታ ወጥ ቤት ገብታለች፤ ማሩን ሲያነጥር በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ የሚቀመጠው እሷ ላይ ነው። ስኳር ሲያስጭን ያዩት ሰዎች ቢጠይቁት፣ አበባ ሲጠፋ ንብ የሚኖረው በስኳር ውሃ መሆኑን አስረዳቸው። እውነቱን ነው።

ነርሷ የጮኸችበት ዕለት ማታ ሚስትየዋ ፊቷ በርቶ ጠበቀችው።

«ዛሬ ጠዋት ከጥርስ ሐኪሙ ጉንጯን ይዛ ስትወጣ በዓይኔ አይቻታለሁ! የምን ንብ? ጥርሷን አስነቅላ ነው።»

«ተይው» አለ ባሏ።

«ምኑን ነው የምተወው?»

«ተይው አልኩ! ጎረቤት ናት።»

በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ነርሷ ጉንጯን በሻርፕ ጠምጥማ መጥታለች።

«መንደፍ ብቻ መሰልዎት?» አለች። «ጥዝታቸው ራሱ እንቅልፍ ነሥቶኛል!»

አውራው ቀና ብሎ ትክ ብሎ አያት።

«ነገሩ ቀላል ነው» አሉ ሰብሳቢው። «ነገ ባለሙያ ይዘን እንመጣና ቀፎዎቹን ከፍተን እናያለን። ንቦቹ የማይተናኮሉ ከሆኑ ባሉበት ይቆያሉ።»

አውራው ብድግ አለ። «አያስፈልግም፣ ጋሼ። የኔ ንቦች ናቸው የነደፏት። ጥፋቱ የኔ ነው። ገጠር ወንድሜ ዘንድ እወስዳቸዋለሁ።»

ሚስቱ ቀፎው እንደተነካ ንብ ተነሣች። «ውሸት ነው! ጥርሷን ነው! አፏን አስከፍቱና እዩ!»

ነርሷ አፏን ግጥም አደረገች።

«ተይ እንጂ ልጄ» አሉ ሰብሳቢው። «ባልሽ ካመነ ወዲያ የሰው አፍ ከፍተን ምን ልናደርግ ነው?»

መንገድ ላይ ሚስትየዋ አለቀሰች። «የልጆችህን እንጀራ በገዛ እጅህ ሰጠሃት። አንተ ፈሪ!»

«ማሩ ከገጠር ይመጣል» አለ አውራው። «ምንም አይጎድልብሽም።»

እስከ እሑድ አላነጋገረችውም። እሑድ ጠዋት ሰፈሩ መስኮቱን ሁሉ ዘጋ። ነርሷ በበሯ ሥር ጨርቅ ወተፈች። ከጭነት መኪና ጋር የመጡት ተሸካሚዎች ወደ ጓሮ ንቅንቅ አንልም ሲሉ አውራው አልተከራከራቸውም፤ «ብቻዬን እጭነዋለሁ፣ ማንም እንዳይወጣ» ብሎ መኪናውን ሊያስጠጋ ሄደ።

ሚስትየዋ በመስኮት አየችው። ጀርባው ጎብጧል። ያን ሁሉ ዓመት ከነዚያ ንቦች ጋር ኖሮ፣ ዛሬ ለብቻው እንዲሸኛቸው አንጀቷ እምቢ አለ። ባርኔጣውን ከምስማሩ አውርዳ አቧራውን አራግፋ ደፋችው፣ ጓንት አጠለቀች፣ ወጣች።

ለክብደቱ እግሮቿን አንፈራጥጣ የመጀመሪያውን ቀፎ አቀፈችና ባላት ኃይል ሁሉ አነሣችው። እንደ ባዶ ካርቶን ብድግ ሲልባት ወደ ኋላዋ ተንገዳግዳ ወደቀች፤ ክዳኑም ተፈናጠረ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ጠበቀች።

ቆይታ በጣቶቿ መሐል ስታይ፣ ከቀፎው ውስጥ አንዲት ሸረሪት ቀስ ብላ ወጣች።