ከክምሩ ሥር

ዶክተር ሮብ ሄይግ ፋሻውን ፈትቶ ሲጨርስ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ኒኒያን ላይድሎ ጋሪ የጨፈለቀውን እግሩን ላለማየት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ውጭ በጎቹ ዝናብ እየመታቸው ቆመዋል።

«ከጉልበት በታች ነው የምቆርጠው» አለ ዶክተሩ። «ዛሬውኑ። ነገ ካልክ ከጭን ይሆናል። ከነገ ወዲያ ካልክ እኔን ሳይሆን ቄሱን ነው የምታስጠራው።»

«ቄሱ ይሻለኛል። እሱ ቢያንስ መጋዝ አይይዝም።»

ሚስቱ ኤፊ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «ሦስት ቀን ሙሉ እንዲሁ ነው ዶክተር። እስቲ እርስዎ ይንገሩት፤ እኔንማ መስማት ከተወ ቆየ።»

«ላይድሎ እጅ አይሰጥም፤ አልሰማሽም?» አላት ኒኒያን። ቀልድ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፤ ኤፊ ግን አልሳቀችም።

አባባሉ የአገሬው ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ኒኒያንና ጓደኛው ዶክተሩ ለስኮትላንድ ተሰልፈው ለንደን ላይ ከእንግሊዞች ጋር ራግቢ፣ ኳስ በእጅ ይዞ የሚሮጥበትን ጨዋታ፣ ሲጫወቱ፣ ኒኒያን ኳሷን እንዳቀፈ የሁለቱም ወገን ሰው ተከመረበት። በዚያ ዘመን ሕግ የተያዘ ሰው «ወደቅሁ» ካለ ሁሉም ይለቀዋል፤ እሱም ኳሷን መሬት ያስቀምጣል። ኒኒያን አላለም ተባለ። ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ከነኳሷ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በከተማቸው በጄድበርግ እልኸኛ ልጅ ያላት እናት ሁሉ «ይሄማ ላይድሎ ነው» ትላለች።

«ኤፊ፣ እስቲ የጣድሽውን ውሃ እዪው» አለ ኒኒያን። እስክትወጣ ጠበቀ።

«ሮብ፣ ብዬ ነበር እኮ።»

«ምን ብለህ?»

«ወደቅሁ ብዬ ነበር። ሦስት ጊዜ። አፌን ጭቃ ሞልቶት የሰማኝ አልነበረም። ወጥቼ ሳይ ሰው ሁሉ ጀግና ይለኛል፤ እንዴት ብዬ ላፍርሰው? አሁን ደግሞ በምርኩዝ እየተንጠለጠልኩ ገበያ ልውጣና ላይድሎም እጁን ሰጠ ይበሉኝ? ተወኝ፣ ከነስሜ ልቀበር።»

ዶክተሩ የታመመውን እግር በሁለት እጁ እንደያዘ ቀና አላለም። ኒኒያን ዞሮ አየው።

«ሰምቼሃለሁ» አለ ዶክተሩ።

«ምኑን?»

«ከላይህ የተኛሁት እኔ ነበርኩ። ሦስቱንም ሰምቻለሁ። ብነሳ እንግሊዞቹ ኳሷን ይወስዱብናል ብዬ ተጫንኩህ። አጥንትህ ሲሰበርም ሰምቻለሁ።»

ኒኒያን በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። ይህን ሁሉ ዘመን እዚያ ሥር ብቻዬን ነበርኩ ሲል ኖሯል። ለካ የሚሰማው ሰው ነበር። ደረቱ ውስጥ የተሰማው ንዴት ይሁን እፎይታ እሱም አላወቀውም፤ ዓይኑ ብቻ እንባ ሞላ።

«አሁንስ ትሰማኛለህ?»

«እሰማሃለሁ።»

«ወደቅሁ» አለ ኒኒያን፣ ቀስ ብሎ።

ዶክተሩ ያኔ ሊያደርገው ይገባ እንደነበረው ሁለቱንም እጆቹን ከላዩ ላይ አነሳ። ከዚያ መጋዙን ጨበጠ።