የአራቱ ድንጋዮች ስም

መምህር አፔሊስ ቡገንቪል ደሴት ላይ፣ ከተዘጋው የመዳብ ማውጫ በታች ወዳለችው መንደር ተመድቦ ሲመጣ የመንደሩን ቋንቋ አንድ ቃል አያውቅም ነበር። የተወለደው ባሕር ማዶ፣ ራባውል ነው። ከሰዉ ጋር የሚግባባው አገሩ ሁሉ በሚናገረው በፒጂን ነው።

የሚያስተምረው ገና ጥርስ የሚነቅሉ ሕፃናትን ነው። ወንዙ ከድሮው የማዕድን ጉድጓድ ተነስቶ በመንደሩ ግርጌ ስለሚያልፍ፣ ዳርቻው ላይ የማይገኝ የድንጋይ ዓይነት የለም። አንድ ጠዋት አራት ድንጋይ ለቅሞ መጣና የክፍሉ መስኮት ደፍ ላይ ደረደራቸው። ትልቁ ጥቁር ባዛልት ነው። ቀጥሎ አረንጓዴው ማላካይት፣ ከዚያ ወርቅ መስሎ ሞኝ የሚያታልለው ፓይራይት፣ መጨረሻ ላይ አውራ ጣት የምታክል ነጭ ኳርትዝ።

ልጆቹ ዳሰሷቸው፣ አሸተቷቸው፣ አንዱማ ላሰ። በማግስቱ ግን ስማቸውን የሚያስታውስ ጠፋ። «ማላካይት» ሲላቸው እርስ በርስ እየተያዩ ይስቃሉ።

በዚያው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሎሬንስ ብቅ አለ። ድንጋዮቹን አየና ወደ አፔሊስ ዞረ።

«መምህር፣ ጦርነቱን ያመጣብን ድንጋይ ነው። እዚህ አገር ሰው ከዚያ ጉድጓድ የወጣ ድንጋይ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። በተለይ እማማ ቤርታን ይጠንቀቁ።»

ጉድጓዱ የተቆፈረው እማማ ቤርታ ከእናቶቻቸው በወረሱት መሬት ላይ መሆኑን ነገረው። ከጦርነቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አምና ማዕድኑን እንደገና እንክፈተው የሚሉ ሰዎች ሲመጡ፣ ገና ከመኪና ሳይወርዱ በድንጋይ አባረዋቸዋል።

አፔሊስ ሰምቶ አመሰገነ። ድንጋዮቹን ግን አላነሳም። ድንጋይ ምን አጠፋ?

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ከእረፍት ሲመለስ የመስኮቱ ደፍ ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ማን እንደወሰዳቸው ለመገመት አልተቸገረም። ቱግ ብሎ ወጣ።

እማማ ቤርታ ደጅ ካለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ልጆቹ ከበዋቸዋል። ድንጋዮቹ ከወንዝ ታጥበው፣ ገና ውሃቸው ሳይደርቅ፣ ጭናቸው ላይ ናቸው።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ስማቸውን እያስተማርኳቸው ነዋ፣ ልጄ። አንተ የምትላቸው ምላስ ይሰብራል።»

ጥቁሩን አነሱ። «ታቬአ። ታላቅየው ይሄ ነው።» አረንጓዴውን አነሱ። «ኦኖራ።» የሚያብለጨልጨውን ሲያነሱ ፈገግ አሉ። «ሲራኪ። ይሄ ደግሞ ካልታየሁ ባይ ነው።» ነጯን መዳፋቸው ላይ አኖሯት። «ናሞ። ትንሿ ይቺ ናት። ስትይዟት አሙቋት፣ ብርድ አትችልም።»

ልጆቹ አንዴ ሰምተው ያዙት።

የአፔሊስ ቁጣ እንደ ጉም በነነ። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር እንደሚገባው ማሠልጠኛ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነግሮታል። የአገሬው ሰው ለድንጋዩ ያወጣው ስም እያለ እሱ በባዕድ ቃል ሲዳክር መክረሙ አሳፈረው። በየጠዋቱ እየመጡ እንዲያግዙት ለመናቸው። እሳቸውም አንድ ቀን አልቀሩም።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ሁለት ሁለት ስም ያዜም ጀመር። «ባዛልት፣ ታቬአ። ማላካይት፣ ኦኖራ።» አፏን ፈታ የማታውቀው ሊዮባ እንኳ ናሞን በሁለት እጇ ይዛ ስሟን ትጠራለች። አፔሊስ በሥራው እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

መንደሩ ግን ፊቱን አጠቆረበት። ወደ እርሻ የሚወርዱ ወንዶች መስኮቱ ሥር ሲደርሱ ቆም ይላሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥቂት ያዳምጡና ሰላምታ ሳይሰጡ ይሄዳሉ። አንዲት ሴት የጎደሬ ቅርጫቷን መሬት ላይ ጥላ፣ ፊቷን ሸፍና ወደመጣችበት ተመለሰች። እሱ ሲቀርብ ጨዋታ ይቋረጣል።

ድንጋዩ ነው፤ ሎሬንስ የነገረኝ ደረሰ፣ ብሎ አሰበ። ትምህርቱን ላቁም ይሆን ብሎ እማማ ቤርታን ቢጠይቃቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«ይስሙ» አሉ። «ጆሮ አላቸው።»

ሰንብቶ ሎሬንስ መልእክት ላከበት። ዓርብ ጠዋት መንደሩ በሙሉ ይመጣልና ድንጋዮቹን ሳያነሳ ይጠብቅ የሚል ነው። አፔሊስ መባረሩን አልተጠራጠረም። ሻንጣውን አዘጋጀ።

ዓርብ ጠዋት ሰዉ በተርታ፣ ድምፅ ሳያሰማ ሽቅብ ወጣ። ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም። ሲቀርቡ አፔሊስ እጃቸውን አየ። ሁሉም ድንጋይ ይዘዋል።

አምና ከመኪና ሳይወርዱ የተባረሩት ሰዎች ትዝ አሉት። ልጆቹን ወደ ጥግ ሰበሰበና በሩ ላይ ቆመ። እማማ ቤርታ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ አፔሊስ። «ልጆቹንና እማማን አትንኩ። ድንጋዮቹን አሁኑኑ ወንዝ እመልሳለሁ።»

ሎሬንስ ከሰዉ ተነጥሎ ደረጃውን ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ድንጋይ የያዘ እጁን ሲያነሳ አፔሊስ ዓይኑን ጨፈነ።

የወረደበት ነገር የለም። ዓይኑን ሲገልጥ ሎሬንስ በአጠገቡ አልፎ መስኮቱ ዘንድ ቆሟል፤ ድንጋዩን ከነጯ ጎን በቀስታ አስቀመጠ።

«ኪናሚ ይባላል፤ በጦርነቱ የሞተ ወንድሜ ነበር» አለ። «የእማማ ቤርታን ልጆች ስም እንዳስጠኑልን፣ የእሱንም ያስጠኑልን።»