የእማማ አስካለ ምርጥ ሐሜት

የትዝታ ቆብ ከመጣ ወዲህ ሰው ትዝታውን ለሌላ ያሻግራል፤ የሰጠውን ግን በውስጡ ካሉት ሰዎች ጋር ይረሳል። የስምንት ዓመቷ ሶስና የሚጥል በሽታዋ በተነሳ ቁጥር በአእምሮዋ የያዘችው ሁሉ ይጠፋባታል። ማስታወስ እንድትለማመድ አያቷ እማማ አስካለ ሐሜት ያሻግሩላታል። የሚጥም ነገር አይረሳም ባይ ናቸው። ትናንት ከሁሉ የጣፈጠውን ሰጧት። ዛሬ ጠዋት በሽታው ጣላት። ስትነቃ እማማ ፈራ ተባ እያሉ፣ «የትናንቱ አለ?» አሏት።

«አለ። ሰውዬው ሽማግሌ ልኮ አላስችል ቢለው፣ ራሱም ጋቢ ተከናንቦ ሽማግሌዎቹ መሀል ተቀመጠ። ሲያስነጥስ ታወቀበት።»

እማማ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «የማን ባል ነው ይሄ ጉደኛ?»

«ያንቺ ነዋ፣ እማማ።»

እማማ ጠጋ አሏት። «መልከ መልካም ነበር?»

«በጣም።»

«እንግዲያስ እሺ ብዬው ከሆነ አይፈረድብኝም። በይ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»