የሐምሌ በረዶ

ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር በሐምሌ ሚስታቸውን ይዘው በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ ቆርጠው ተነስተዋል። ካፖርት ደርበው፣ ሁለት የመጥረጊያ እንጨት ይዘው፣ ሳሎን ውስጥ ጉልበታቸውን አጠፍ ዘርጋ ሲያደርጉ ያየቻቸው ልጃቸው በሳቅ ፍርስ አለች።

«አባዬ፣ በሐምሌ እኮ አውሮፓ በጋ ነው! ተራራው ላይ የምትጠብቃችሁ ሣር የምትግጥ ላም ናት። ይሄ ለአንተ ይጠፋሃል?»

«እናትሽም ትኬቱን እስክታይ እንዲሁ ስትል ነበር» አሉና ላባቸውን ጠርገው አቀበሏት።

ትኬቱ ላይ ስዊዘርላንድን ስትፈልግ የደቡብ አፍሪካን ጎረቤት፣ ተራራማዋን ሌሶቶን አገኘች።

«ማን አውሮፓ አለሽ? ሌሶቶ ከምድር ወገብ በታች ናት፤ በረዶዋ በሐምሌ ነው» አሉ እንጨታቸውን መልሰው እያነሱ። «ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምርሽም የሳትሺው ይቺኑ ጥያቄ ነው።»