ከመዝገብ የወጣችው አያቴ

በዚህ ወሬ ውስጥ አንዲት ውሸት ካለች ምላሴ ይቆረጥ። አያቴን ወለተ ኪዳንን ከደብሩ መዝገብ ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ አርባ ቀን አቧራ ቅሜ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና መነሳቷ፣ በቁርባን ማግባቷ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ማሳ ከአባቷ መውረሷ፣ ሁሉም ተጽፏል። አሥራ ሁለት ልጅ መውለዷን ጸሐፊው ቢዘለውም ደሜ ነግሮኛል።

ማሳውን ይዛ የተቀመጠችው አንጓች የምትባል አሮጊት ናት። ሽማግሌዎች ፊት መዝገቡን ዘርግቼ፣ «የአያቴን መሬት ልቀቂ። አንቺ መካን፣ ለማን ልታወርሺው ነው?» አልኳት።

የአሮጊቷ የነፍስ አባት ገጹን አነበቡና ወደ እሷ ዞረው፣ ቀስ ብለው በክርስትና ስሟ ጠሯት።

«ወለተ ኪዳን።»

«አቤት፣ አባ» አለች አንጓች።