ኡኡታ ሰምቶ አለመድረስ

በዳኞች ፍርድና በልማድ ተበታትነው የኖሩት ወንጀሎች በአንድ ሕግ ሊጠቃለሉ ነው፤ ከእንግዲህ በሕጉ ያልተጻፈ ነገር ወንጀል አይሆንም። አርቃቂዎቹ ያልተስማሙበት አንድ አንቀጽ ብቻ ቀርቷል፦ ኡኡታ ሰምቶ አለመድረስ።

"አንቺ ልጅ፣ አገሩን ሁሉ ልታሳስሪ ነው?" አሉ ሰብሳቢው፤ ሌሎቹ ሳቁ።

"እህቴን ባሏ ሲገድላት ሰፈሩ በሙሉ ጩኸቷን ሰምቷል" አለች አንቀጹን ያቀረበችው ወጣት። "አንድም ሰው አልወጣም።"

ሳቁ ቆመ። ሰብሳቢው ወደ ድምፅ አሰጣጡ አለፉ። "እሺ፣ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።"

እጆች አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። ይሄኔ ከታች ከመንገዱ የሴት ጩኸት ተሰማ፤ "ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ ድረሱልኝ!"

አንድ ሽማግሌ አርቃቂ ያወጡትን እጅ አውርደው ብድግ አሉ።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ገና አልተቆጠረም" አለች ወጣቷ። ሄዳም መስኮቱን ዘጋችው።