ሁልጊዜ የሚላላው ፔዳል

«ባምላኩ... ልጄ፣ ፔዳሉ ደግሞ ላላ!»

መካኒኩ ባምላኩ ከአንድ አይሱዙ ሥር ተንሸራቶ ወጣ።

ጋሽ እጅጉ ናቸው። እንደገና!

ፍኖተ ሰላም ጋራዥ ሰፈር እሳቸውን የማያውቅ የለም... ፀጉራቸው ነጭ፣ መኪናቸው ቀይ። ባለ ሁለት በር፣ ሲነሳ የሚያጓራ ስፖርት መኪና!

ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ነው የገዙት። የሰፈሩ ወጣቶች «ጎረምሳው መጡ» ይሏቸዋል።

አንድ ቀን ከሚኖሩበት ከቡሬ ድረስ ነድተው መጡና የአሉሚኒየም ፔዳል አስገጠሙ። እንደ ውድድር መኪና ያለ፣ የሚያብለጨልጭ...

ባምላኩ የፍሬኑን፣ የፍሪሲዮኑንና የነዳጁን ፔዳል ጎማ ነቅሎ፣ በድሪል በስቶ፣ አዲሱን በብሎን አሰረላቸው።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ እሽቅድምድም ሊገቡ ነው?»

«ምን ይታወቃል!» ብለው ሳቁ።

ሥራው ካለቀም በኋላ ቆመው ሲጫወቱ ቆዩ። ስለ ድሮው የአሰብ መንገድ... ስለ ሟች ባለቤታቸው ስለ ሸጋዬ...

በሳምንቱ ተመለሱ። የፍሬኑ ፔዳል ላልቷል።

አጥብቆ አሰረው። ተጫወቱ። ሄዱ።

ደግሞ መጡ... ደግሞ ላልቷል!

ባምላኩን አታውቁትም፣ እኔ ልንገራችሁ። ሥራህ ተበላሸ ከሚባል ራት ሳይበላ ቢያድር የሚመርጥ ሰው ነው። «ባምላኩ ያሰረው ይፈታል» ተብሎ ከተወራ በዚህች ከተማ አለቀለት!

ደግሞስ ፍሬን እኮ ነው! ወደ ቡሬ ሲመለሱ፣ ማንኩሳ ከተማ ላይ ገበያተኛው ሲሻገር የሽማግሌው እግር ቢንሸራተትስ?

ዛሬ ጎንበስ ብሎ ብሎኑን በደንብ አየው... የቁልፍ ጭረት አለበት። የእሱ ቁልፍ ያልሆነ።

«ጋሼ፣ ይኸ በራሱ አልላላም። ሰው ፈቶታል!»

ጋሽ እጅጉ ወደ መንገዱ ማዶ አዩ።

«ስሜን ሊያጠፋ የፈለገ ምቀኛ ነው! መኪናዎን የት ነው የሚያቆሙት?»

አሁን ደግሞ መሬት መሬት ያያሉ።

ባምላኩ ተናደደ። ብሎኖቹን አውጥቶ ጣለና ፔዳሉን በማይፈታ የሪቬት ሚስማር መታው።

«በቃ! አሁን ሰይጣን ራሱ አይፈታውም። ሁለተኛ ለዚህ ጉዳይ እኔ ጋ አይመላለሱም!»

ደስ ይላቸዋል ብሎ ነበር... የሽማግሌው ፊት ግን ጥቁር አለ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉና፣ ሳይጫወቱ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ አልመጡም...

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባምላኩ ቀና ሲል፣ ቀይዋ መኪና ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር ቆማለች። በነጋታውም እዚያው። በሌላውም ቀን...

ደሙ ፈላ። «እኔን ንቀው ሌላ ጋራዥ ይዘዋል!»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተሻገረ።

ጋሽ እጅጉ ብቻቸውን መሪው ላይ ተደግፈው ጋራዡን ያያሉ።

«ጋሼ፣ አሁን ማን ጋ ነው የሚያሠሩት?»

«ማንም ጋ።»

«ፔዳሉስ?»

«ደህና ነው... እንዳሰርከው ነው።»

«ታዲያ ምን ሁነው ነው እዚህ የሚቀመጡት? ለምን አይገቡም?»

ሽማግሌው እጃቸውን ከመሪው አነሱ።

«ባምላኩ... ያን ብሎን የምፈታው እኔ ነበርሁ።»

ባምላኩ ክው አለ። «የፍሬን ብሎን?! ጋሼ!»

«አትቆጣ። እዚህ ዛፍ ሥር ቆሜ ነበር የማላላው። ሹፌር ነኝ፣ በላላ ፍሬን አልነዳም...»

ዓይናቸውን ወደ ጋራዡ መለሱ።

«ቤቴ ስገባ ‹መጣህ?› የሚለኝ የለም ልጄ። ሸጋዬ የለች። ልጆቹ ሩቅ ናቸው። ፔዳሉንም ፈልጌው አልነበረም... ሰው ሥራ ቦታ ያለ ጉዳይ ሄዶ መቀመጥ ነውር ሁኖብኝ እንጂ። አሁን ደግሞ አጥብቀህ መታኸው...»

«...ምን ብዬ ልምጣ?»

ባምላኩ እንባው መጣ። በሩን ከፍቶ፣ እጃቸውን ይዞ አሻገራቸው።

ከጋራዡ ጥግ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ወንበር ጎትቶ አመጣና አቧራውን አራገፈ።

«ይኸ የእርስዎ ነው ጋሼ። ከዛሬ ጀምሮ ምንም ሳይበላሽ ይምጡ!»

ወዳጆቼ... ብቸኛ ሰው «ብቸኛ ነኝ» አይልም። ያፍራል። አንድ ነገር ተበላሸብኝ ብሎ ነው የሚመጣው። እኛ ደግሞ ዕቃውን ጠግነን ሰውየውን እንሸኛለን።

አባትህ «ይህ ስልክ ድምፁ አነሰብኝ፣ እስኪ ምን ላድርገው?» ብሎ ስንት ጊዜ ደወለ? አንተስ «ነግሬህ የለ!» ብለህ ስንቴ ዘጋህበት?

ስልኩ እኮ ደህና ነው...

እናንተ ጋ በሰበብ የሚመጣው፣ በሰበብ የሚደውለው ሰው ማነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...

ግን መጀመሪያ ደውሉለት።